ከደሴ መንገድ ሥር 32 ሜትር፦ የጎርፍ ማፍሰሻ ዋሻና የተቀበሩ ጎረቤቶቹ

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከደብረ ብርሃን ላይኛው ሰፈር የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በደሴው አስፋልት ሥር አልፎ፣ ወደ በሬሳ ከሚወስደው ቦይ ጋር ይገናኝ ነው የተባለው። አስፋልቱን ቆርጦ መቅበር አልተፈቀደም፤ ከባዱ መኪና ሁሉ በዚያው ስለሚያልፍ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ማዞር አይቻልም። ስለዚህ ውስጡ 1.20፣ ውጩ 1.44 ሜትር የሆነ የአርማታ ቱቦ በጃክ እየተገፋ፣ ከፊቱ በእጅ እየተቆፈረ ይገባል። አንዱ ቱቦ 2.5 ሜትር ይረዝማል፣ 3 ቶን ገደማ ይመዝናል። 13 ቱቦ መንገዱን ያሻግራል። የቱቦው መሃል ከአስፋልቱ ፊት 4.5 ሜትር ዝቅ ይላል።

ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፤ ግን ተራራ ውስጥ ነው፣ ጎረቤት የለውም። ይህ 32 ሜትር ብቻ ሆኖ አራት ጎረቤት አለው። ሜትር 11 ላይ 250 ሚ.ሜ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ የውሃ መስመር፣ ሜትር 19 ላይ የድንጋይ ግንብ ማፍሰሻ፣ ሜትር 26 ላይ የስልክ ኬብል ቱቦዎች፣ ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ የአንድ ሆቴል የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ይገኛሉ።

ማስታወሻው የተያዘው በቀን ሳይሆን በሜትር ነው። መሬት የሚንቀሳቀሰው የቁፋሮው ፊት የት እንዳለ አይቶ እንጂ ቀን ቆጥሮ አይደለም።

ቁፋሮው ሳይጀመር፦ ከሥር ያለውን መፈለግ

የድሮ ንድፎች መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ያሳያሉ፤ ጥልቀቱን ግን አያሳዩም፣ ቢያሳዩም አይታመኑም። መንገዱ በተነጠፈ ቁጥር ገረጋንቲ ስለሚጨመር፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀበረ ቧንቧ ዛሬ ሁለት ሜትር ሥር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በመንገዱ ዳርና ዳር የፍተሻ ጉድጓዶች በእጅ ተቆፈሩ። ከ1 ሜትር በታች ዲጂኖ ተከልክሎ አካፋ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ አሮጌ አስቤስቶስ አንድ የዲጂኖ ምት አይችልም።

የአፈሩ አደራደር እንዲህ ወጣ። እስከ 1.2 ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ከዚያ እስከ 3.5 ሜትር ጥቁር መረሬ፣ ከዚያ በታች ቡናማ የበሰበሰ ድንጋይ፣ በውስጡ ያልበሰበሱ የጥቁር ድንጋይ ድቡልቡሎች የተሰገሰጉበት። የውሃ ቧንቧው መሃል 2.4 ሜትር ላይ ተገኘ። ይህ ማለት በቧንቧው ሆድና በዋሻው ጣሪያ መካከል 1.24 ሜትር አፈር ብቻ አለ።

አንድ ነገር ግን ከጥልቀቱ በላይ ጠቅሟል፤ መገጣጠሚያው የት እንዳለ ማወቅ። የአስቤስቶስ ቧንቧው በ4 ሜትር ቁራጭ የተያያዘ ነው። መገጣጠሚያው ጎማ ስላለው ትንሽ ቢታጠፍ አይጎዳም፤ የማይታጠፈው የቧንቧው ገላ ነው። መገጣጠሚያው ልክ ከዋሻው በላይ ቢውል ሁለቱ ቁራጮች እንደ በር ማጠፊያ ዞር ብለው ያልፉት ነበር። እዚህ ግን አንዱ መገጣጠሚያ ከዋሻው መስመር 1.9፣ ሌላው 2.1 ሜትር ርቀው ተገኙ። መሃል ገላው በትክክል ዋሻው ላይ ተኝቷል፤ ከሁሉ የከፋው አቀማመጥ ይኸው ነው።

ሒሳቡ

ዋሻ ሲቆፈር ሁልጊዜ ቱቦው ከሚይዘው ቦታ የበለጠ አፈር ይወጣል። ያ ትርፍ የአፈር ጉድለት ይባላል፤ ከዋሻው በላይ ያለው መሬት ጉድለቱን ለመሙላት ይወርድና እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል። እዚህ ጉድለቱን ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ መውሰድ አላስፈለገም። ከፊት የሚሄደው የብረት ጋሻ ውጩ 1.46 ሜትር ነው፣ ቱቦው 1.44። ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል፤ እሱም በአንድ ሜትር ርዝመት 45 ሊትር ይሆናል። የቱቦው የውጭ ስፋት 1.63 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ክፍተቱ ብቻውን 2.8 በመቶ ነው። ሌላ ምንም ጥፋት ባይጨመር፣ ክፍተቱ ካልተሞላ 3 በመቶ ጉድለት እጅ ላይ አለ ማለት ነው።

በ3 በመቶ ሲሰላ አስፋልቱ ላይ የገበቴው ጥልቀት 8.7 ሚ.ሜ ይሆናል፤ ከመሃል እስከ ወገቡ፣ ማለትም ዳገቱ እጅግ እስከሚበረታበት ነጥብ፣ 2.25 ሜትር ነው። ብዙ ተቆጣጣሪ እዚህ ላይ ያቆማል። አስፋልት 9 ሚ.ሜ ቢወርድ ምን ይሆናል?

የተቀበረው ነገር ግን አስፋልቱ ላይ አይደለም ያለው። ወደ ዋሻው በቀረቡ ቁጥር ገበቴው ይጠባል፣ ይጎደጉዳልም። ጉድለቱ ያው ነው፤ የሚያርፍበት ስፋት ግን ይቀንሳል። በቧንቧው ጥልቀት ወገቡ ወደ 1.47 ሜትር ይጠብና ጥልቀቱ 13.3 ሚ.ሜ ይደርሳል። ዳገቱ አስፋልቱ ላይ በሜትር 2.3 ሚ.ሜ ሲሆን ቧንቧው ጋ 5.5 ነው። የመታጠፊያው ራዲየስ ከላይ 580 ሜትር ገደማ፣ ከታች 162 ሜትር ነው። ስምጠቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ቢጨምርም መታጠፉ በሦስት እጥፍ ተኩል በልጧል፤ ቧንቧን የሚሰብረው ደግሞ መታጠፉ ነው። በ162 ሜትር ራዲየስ የሚታጠፍ 28 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ ሆዱ በሜትር 0.9 ሚ.ሜ ገደማ ይለጠጣል። አዲስ አስቤስቶስ ሲሚንቶ እንኳ እዚያ ጋ አቅሙ ያልቃል፤ ውሃ ለዓመታት ኖራውን ያጠበው ደግሞ ከዚያ በፊት ይሰነጠቃል።

ለግንቡ ማፍሰሻም ተመሳሳይ ሒሳብ ተሠራ። መሠረቱ 1.6 ሜትር ላይ ነው። በ3 በመቶ ጉድለት 11.3 ሚ.ሜ ይወርዳል፣ ዳገቱም ከ250 አንድ ይሆናል። ለድንጋይ ግንብ የተወሰደው ወሰን ከ500 አንድ ነው። ስለዚህ ግንቡ ጋ ሲደረስ ጉድለቱ ከ1.5 በመቶ በታች መውረድ አለበት። የሥራው ሁሉ ዒላማ ከዚህ ቁጥር ነው የመጣው።

መግፊያው ጉድጓድ ከየት ወገን ይሁን

የመጀመሪያው ንድፍ መግፊያውን ጉድጓድ፣ ማለትም ጃኮቹ የሚቀመጡበትን፣ ሆቴሉ ወገን አድርጎት ነበር፤ ለክሬን ይመቻል በሚል። ጃኮቹ ቱቦውን ወደፊት ሲገፉ ግን በዚያው ጉልበት ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ ወደ ኋላ ይገፋሉ። በቱቦው ዙሪያ ያለው ሰበቃ ቤንቶናይት (በውሃ ተበጥብጦ ቱቦውን የሚያንሸራትት፣ የሚያብጥ የሸክላ ዱቄት) ካለ በካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ገደማ ይያዛል፤ ለ32 ሜትር ወደ 72 ቶን ይመጣል። ደረቅ ከሆነ ሦስት እጥፉ ነው። ለጃኮቹ ወሰን የተደረገው 130 ቶን በ3 ሜትር በ2.5 ሜትር ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር 17 ቶን ይሆናል፤ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ደግሞ ከግድግዳው 4 ሜትር ብቻ ይርቃል። አፈር እንዲህ ያለውን ግፊት ለመቋቋም መጀመሪያ ራሱ ጥቂት መንቀሳቀስ አለበት፤ የድንጋይ ግንብ ማጠራቀሚያ ያንን መንቀሳቀስ አይወድም።

ንድፉ ተገለበጠ። መግፊያው ባዶ ሜዳ ወዳለበት ወገን ሄደ፤ የሆቴሉ ወገን ቱቦው የሚወጣበት መቀበያ ብቻ ሆነ። ክሬኑ ተቸገረ እንጂ ሌላ ጉዳት አልመጣም። ሁለቱ ባለ 100 ቶን ጃኮች በጥቅሉ 130 ቶን ላይ እንዲያቆሙ የፓምፑ ማስተንፈሻ ታሰረ።

የውሃ መስመሩን መቀየር

ሁለት አማራጭ ነበር፤ አስቤስቶሱን ደግፎ ማለፍ ወይም አስቀድሞ መቀየር። ድጋፍ የሚባለው ቧንቧውን ከላይ በብረት ምሰሶ ማንጠልጠል ነው፤ ይህን ለማድረግ ግን ዙሪያው መቆፈር አለበት፣ ቁፋሮው ራሱ ቧንቧውን ያናውጠዋል። ስለዚህ ሦስት ቁራጭ፣ 12 ሜትር፣ በኤችዲፒኢ (በሚታጠፍ የፕላስቲክ ቧንቧ) እንዲተካ ተወሰነ። በቧንቧው ጥልቀት ገበቴው ከመሃል ወደ ሁለቱም ወገን 4.4 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ 12 ሜትር ይበቃል፣ መገጣጠሚያዎቹም ከገበቴው ውጭ ይቀራሉ። የ280 ሚ.ሜ ኤችዲፒኢ ከ15 ሜትር ባነሰ ራዲየስ ሊታጠፍ ይችላል፤ 162 ለእሱ ቀጥታ መስመር ነው።

መስመሩ በአስፋልቱ ሥር ስለሚያልፍ ቦዩ ሌሊት በግማሽ በግማሽ ተቆፈረ፣ ጠዋት በብረት ሳህን ተሸፈነ። በኤችዲፒኢው ብየዳና በፍላንጁ ላይ ብዙ የሚባል የለም። የሚባል ያለው ስለ ጌት ቫልቩ፣ ማለትም ስለ መስመሩ መዝጊያ ነው። ከመስመሩ ሁለት ወገን ያሉት ቫልቮች አስፋልት ለብሰው ተገኙ፤ ተፈልገው ሲወጡ አንዱ ጨርሶ አልዞረም። እንዲህ ያለውን ቫልቭ በረጅም ቁልፍ በጉልበት መዘርጠጥ ግንዱን ይሰብራል። ሩብ ዙር ወደ መዝጋት፣ ሩብ ወደ መክፈት፣ ደጋግሞ ዝገቱን ማራገፍ ነው ዘዴው። እንቢ ካለ ቁፋሮው ሳይጀመር ይለወጣል። ቧንቧ ከዋሻ በላይ ሲፈነዳ ውሃው አፈሩን ወደ ቁፋሮው ፊት አጥቦ ያወርዳል፣ ጉድለቱ በደቂቃ ይበዛል፣ ዋሻው ውስጥ ሰው አለ። የማይዘጋ ቫልቭ ይዞ ሥራ መጀመር አይገባም።

አስቤስቶሱ ሲቆረጥ በግራይንደር አይነካም፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ውሃ እየፈሰሰበት በእጅ መጋዝ ተቆርጦ፣ ቁራጩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። ሠራተኛው ተራ የጨርቅ ጭምብል ሳይሆን ማጣሪያ ያለው አድርጓል።

መለኪያ

ቧንቧው አናት ላይ የሚቆሙ አምስት ዘንጎች ተተከሉ፤ አንዱ በዋሻው መስመር ላይ፣ የቀሩት በ1.5 እና በ3 ሜትር ግራና ቀኝ። ዘንጉ 16 ሚ.ሜ ፌሮ ነው፣ ከሥሩ እንደ ኮርቻ የታጠፈ ላሜራ ተበይዶበታል። ዙሪያውን የ50 ሚ.ሜ ፒቪሲ ይለብሳል፤ ያ ከሌለ በጎን ያለው አፈር ዘንጉን ይዞ ይወርድና የሚነበበው የቧንቧው ሳይሆን የአፈሩ ይሆናል። የፒቪሲው ታች ቧንቧውን መንካት የለበትም፣ 10 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል፤ ክፍተቱ በጨርቅ ይወተፋል። ከእያንዳንዱ ዘንግ አጠገብ አስፋልቱ ላይ ምስማር ተመታ።

መነሻ ነጥቡ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ላይ አይሆንም፤ መረሬው ሲደርቅና ሲርስ ጠርዙን ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። እስከ ጠንካራው ድንጋይ የወረደ፣ በፒቪሲ የተከለለ ዘንግ ነው መነሻው። ከዋሻው 20 ሜትር ርቀው ደግሞ ሁለት የማነጻጸሪያ ነጥቦች ተያዙ፣ አንዱ አስፋልት ላይ ሌላው በአፈሩ ዳር። ዋሻው አይደርስባቸውም፤ የሚያሳዩት መሬቱ በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን ብቻ ነው።

ሰዓቱም አንድ መሆን አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይፋጃል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነበበና ቀን 8 ሰዓት የተነበበ ቢነጻጸሩ፣ ዋሻው ገና ሳይነካው አስፋልቱ የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ቀትር ላይ ደግሞ የአየሩ ሙቀት የንባብ እንጨቱን ቁጥር ያንቀጠቅጠዋል። ንባቡ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተወሰነ፣ ቀያሹም የንባብ እንጨቱም ሳይቀየሩ።

ግንቡ ማፍሰሻ ውስጥ ነባር ስንጥቆች በኖራ ቀለም ተከበቡ፤ በላያቸው ጄሶ ተለጠፈ፣ ቀን ተጻፈበት። ጄሶ ርካሽ ነው፣ አይዋሽም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲከፈት እሱም ይሰነጠቃል። ከወገን ወገን ያሉ የመኖሪያ ቤት የውሃ ጉድጓዶችም በገመድ ተለኩ፤ ጉድጓዱን ለማድረቅ የሚወጣው ውሃ የሰፈሩን ውሃ እንዳያወርድ።

ሜትር 0 – 5

ከመግፊያው ጉድጓድ ሲወጣ ጋሻው አፍንጫውን ወደ ታች ጣለ፤ መረገጫ ሐዲዱ ያልቃል፣ ከፊቱ ያለው አፈር ለስላሳ ነው። በሜትር ከ5 ሚ.ሜ በላይ ማስተካከል ግን አይገባም። ጋሻው ሲጣመም ከቱቦው የበለጠ ሰፊ ቀዳዳ ይቆፍራል፤ እያንዳንዱ የማስተካከያ ጃክ ንክኪ ጥቂት ሊትር ጉድለት ነው።

ቤንቶናይቱ በአንድ ሺህ ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ተበጠበጠ። ሌሊቱን በርሜል ውስጥ ማበጥ አለበት፤ ጠዋት ሲታይ ግን ውሃ ቀጥኖ፣ ዱቄቱ ታች ረግቶ ተገኘ። ብርዱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቤንቶናይትን በቶሎ አያሳብጥም። በርሜሎቹ ወደ መግፊያው ጉድጓድ ወርደው በጆንያ ተሸፈኑ፣ ድብልቁ ማታ ሳይሆን ቀን 9 ሰዓት ላይ እንዲዘጋጅ ተደረገ። እዚህ ክፍል ላይ ምንም ጎረቤት ስለሌለ ጉዳት የለም፤ አስፋልቱ ዳር 6 ሚ.ሜ ወረደ።

የሚወጣው አፈርም ይቆጠራል። ለአንድ ቱቦ ርዝመት 4.2 ሜትር ኩብ ይቆፈራል፤ ሲፈታ 5.4 ይሆናል፤ በሩብ ሜትር ኩብ ጋሪ 22 ነው። ቆጠራው ግን ትልቅ ጥፋት ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ ጋሪ ቢበልጥ እንኳ ከ4 በመቶ በላይ ጉድለት ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ 1.5 ነው። ጋሪ ቆጥሮ «ልክ ነው» ማለት በኩንታል ሚዛን ወርቅ መመዘን ነው።

ሜትር 8፦ ድንጋዩ

የተፈራው መጣ። ከቁፋሮው ፊት በላይኛው ቀኝ ወገን 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥቁር ድንጋይ፣ ግማሹ በጋሻው መንገድ፣ ግማሹ ከውጭ። የቆፋሪ እጅ የሚሄደው በዲጂኖ ፈልቅቆ ለማውጣት ነው። ከውጭ ያለው ግማሽ ግን 90 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ሲወጣ የሁለት ሜትር ክፍተት የሚያህል ባዶ ቦታ ከጋሻው በላይ ይተዋል፣ የውሃ መስመሩ ደግሞ 3 ሜትር ፊት ነው። ጃኩም ገፍቶ እንዳያስወጣው ተከለከለ፤ የተገፋ ድንጋይ እየተንከባለለ አፈሩን ያርሰዋል።

ድንጋዩ ባለበት ተቀመጠ። በጋሻው ጠርዝ ልክ በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት 32 ሚ.ሜ ቀዳዳዎች ተበሱ፤ በየቀዳዳው ሁለት የብረት ልባስና አንድ ሽብልቅ ገባ፤ ሽብልቆቹ በተራ፣ አንድ አንድ ምት እየተመቱ ሄዱ። ሁሉንም በእኩል ማጥበቅ ነው ምስጢሩ፤ አንዱን ብቻ የሚደበድብ ድንጋዩን ያስሸርፋል እንጂ አይሰነጥቅም። ድምፁ ከቀጭን ወደ ደፍራሳ ሲለወጥ ስንጥቁ ደርሷል። የውስጡ ግማሽ ወጣ፣ የውጩ በቦታው ቀረ፤ ተዳስሶ አልተንቀሳቀሰም። ጋሻው ሲያልፍ ግን ድንጋዩ 8 ሚ.ሜ ወደ ግራ ገፋው።

ሜትር 11፦ የውሃ መስመሩ ሥር

የቁፋሮው ፊት ከመስመሩ 3 ሜትር ሲቀረው የመሃሉ ዘንግ 1 ሚ.ሜ አሳየ። ልክ ሥሩ ሲደርስ 3። የጋሻው ጭራ ካለፈ በኋላ 7፣ በማግስቱ 8። አስፋልቱ ላይ ያለው ምስማር በዚያው ጊዜ 1፣ 1፣ 2፣ 2።

ሒሳቡ የቧንቧው ስምጠት የአስፋልቱን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል ብሎ ነበር፤ የተገኘው አራት እጥፍ ነው። ምክንያቱ አስፋልቱና የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ተባብረው እንደ ድልድይ መቆማቸው ነው። ከሥር መረሬው ወርዷል፣ እነሱ አልተከተሉትም። አስፋልት ብቻ የሚያነብ ሰው በዚያ ቀን «2 ሚሊ ሜትር፣ ደህና ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ ከመሃሉ ምስማር አጠገብ የ20 ሚ.ሜ ቀዳዳ በአስፋልቱና በገረጋንቲው ውስጥ ተበሳ፤ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ወርዶ ከገረጋንቲው ሥር 4 ሚ.ሜ ክፍተት አገኘ። ከባድ መኪና ሲደጋገምበት ያ ክፍተት ጊዜ ጠብቆ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ያኔ ዋሻውን የሚያስታውሰው የለም። ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ያለ ፓምፕ፣ እስኪሞላ ተንቆረቆረ።

ከ8 ሚ.ሜ ወደ ኋላ ሲሰላ ጉድለቱ 1.8 በመቶ ነው። ለኤችዲፒኢ ምንም አይደለም። ለግንቡ ግን ይበዛል፣ 8 ሜትር ብቻ ይቀራል።

ሜትር 14፦ የተቆመበት ቦታ

ቤንቶናይቱ እስከዚህ ድረስ የሚገባው ከሦስተኛው ቱቦ ቀዳዳ ነበር፤ ማለትም ጋሻው ካለፈ ከ5 ሜትር በኋላ። አፈሩ እስከዚያ አይጠብቅም፤ ክፍተቱ ላይ ቀድሞ ይተኛል፣ በኋላ የሚገባው ቤንቶናይት የሚያቀባው ብቻ ነው፣ አያነሳውም። መግቢያው ወደ ጋሻው ጭራ ተዛወረ፤ እዚያው ላይ ሦስት ቀዳዳ ተበስቶ አንድ መዝጊያ ያለው ጎማ ተገጠመ፣ ጃኩ በተገፋ ቁጥር አብሮ እንዲገባ። መጠኑም 45 ሳይሆን በሜትር ከ100 ሊትር በላይ ሆነ፤ ከፊሉ ወደ ስንጥቃማው ድንጋይ ይሰርጋል።

ለኅዳር ጽዮን ሥራው የቆመው እዚህ ነው፣ ሆን ተብሎ፤ ከሁለቱም ጎረቤት በራቀ ቦታ። ፊቱ በ5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ተዘግቶ በማገር ተወጠረ። ከበዓሉ በኋላ ለመነሳት 85 ቶን ወሰደ፤ ከመቆሙ በፊት 40 ነበር። አፈሩ ቱቦውን አቅፎታል። ከተነሳ በኋላ በአንድ ሜትር ውስጥ ወደ 45 ተመለሰ። ግንብ ሥር ቆሞ እንዲህ መነሳት አይገባም፤ የመነሻው ንዝረት ብቻውን ጄሶ ይሰነጥቃል።

ሜትር 17 – 21፦ ግንቡ

ማፍሰሻው አስቀድሞ ተጸዳ። በበጋ ከቤቶች የሚወርድ የአጠባ ውሃ ብቻ ስላለው፣ እሱ ወለሉ ላይ በተዘረጋ ፕላስቲክና በግማሽ የተሰነጠቀ ፒቪሲ እንዲያልፍ ሆነ። ያለዚያ በወለሉ ስንጥቅ ሰርጎ መረሬውን ያላላዋል። በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል የባሕር ዛፍ ማገሮች በሽብልቅ ተወጠሩ። ቁፋሮው በሁለት ፈረቃ፣ ሳይቆም፣ ፊቱ ዘንበል ብሎ እንዲቀር እየተደረገ፣ ከጋሻው ጠርዝ አልፎ አንድ አካፋ እንኳ ሳይቆፈር ሄደ።

ግንቡ የወረደው 4.5 ሚ.ሜ ነው። ዳገቱ ከ630 አንድ፣ ጉድለቱ 1.2 በመቶ። ከተለጠፉት ጄሶዎች የተሰነጠቀው አንድ ነው፣ እሱም ከዋሻው በላይ ያለው ሳይሆን 3 ሜትር ወደ ጎን ያለው፣ በግድግዳውና በክዳኑ መገናኛ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ገበቴው መሃል ላይ ግንቡን አናቱ ላይ ይጨምቀዋል፣ ዳር ላይ ግን ወደ ላይ አጉብጦ ይለጥጠዋል፤ ድንጋይ ግንብ ደግሞ መጨመቅ ይችላል፣ መለጠጥ አይችልም። መሃሉን ብቻ የሚያይ ተቆጣጣሪ ይህችን አያገኛትም ነበር። ስንጥቁ ተጠርጎ በአንድ ለሦስት ስሚንቶ አሸዋ ተሞላ፤ የተሞላው ግን ንባቡ ለሳምንታት ከቆመ በኋላ ነው፣ ቀድሞ ቢሞላ እንደገና ይከፈታል።

ሜትር 22፦ ያልተነገረው ጉድጓድ

የጋዝ መለኪያው በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጮኸ። ሠራተኛው ወጣ፣ ንፋስ መስጫው ከኋላ ሳይሆን ከቁፋሮው ፊት ድረስ በጎማ ተዘረጋ። ሽታውን መከተል አደገኛ ነው፤ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ «ሽታው ጠፋ» የሚባለው ያኔ ነው። የጋዙ ምንጭ በመንገዱ ማስፋፊያ ጊዜ ከፈረሰ ቤት የቀረ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር፤ ከላይ አፈር ተደፍቶበታል፣ ታቹ ግን ባዶ ነው። ቁፋሮው ሳይቀጥል ከላይ ተበስቶ በልል ኮንክሪት ተሞላ። የሰፈር ሽማግሌዎች በአካባቢው ሌሎች ሁለት አሳይተው ነበር፤ ይህኛውን የሚያስታውስ አልተገኘም።

ሜትር 26 ላይ ያሉት የስልክ ቱቦዎች ተለጣጭ ናቸው፣ ጥልቀታቸውም 1 ሜትር ብቻ። 3 ሚ.ሜ ወረዱ፣ አለፈ።

መቀበያው ጉድጓድ

በከተማ ዋሻ ሥራ ጉዳት ሲነሳ ሁሉም የሚያየው ዋሻውን ነው፤ ጉድጓዱ ግን ብዙ ጊዜ ይብሳል። በ2009 እ.ኤ.አ. በጀርመን ኮሎኝ የከተማዋ ታሪክ ቤተ መዛግብት የተደረመሰው ከአጠገቡ በተቆፈረ የምድር ባቡር ጉድጓድ ግድግዳ በኩል አፈርና ውሃ ገብቶ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሞተዋል።

እዚህ ጉድጓዱ 5.8 ሜትር ይጠልቃል፣ የሆቴሉ ማጠራቀሚያ 4 ሜትር ይርቃል። በየ1.2 ሜትሩ ጥልቀት አግድም ማገር ይገባል፣ ቀጣዩ ከመቆፈሩ በፊት። ማገሩ ገብቶ በሽብልቅ ካልተወጠረ የለም ማለት ነው፤ ግድግዳው መጀመሪያ ወደ ውስጥ መጥቶ ነው የሚነካው። ማጠራቀሚያው ከቁፋሮው በፊት አንድ ሌሊት ተዘግቶ የውሃው ከፍታ ተለካ፤ ቁፋሮው ካለቀ በኋላም ተደገመ። ሁለቱም ጊዜ አልወረደም። መለኪያው ከቁፋሮው በፊት ባይወሰድ ኖሮ፣ በኋላ የሚነሳው የ«እናንተ አፈረሳችሁት» ክርክር ማለቂያ አይኖረውም።

ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ በ20 ሊትር ባልዲ ተወስዶ እስኪረጋ ይታያል። ውሃ መውጣቱ ብዙ አያሳስብም፤ ባልዲው ታች ጭቃ ካለ ግን ከግድግዳው ጀርባ አፈር እየሄደ ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ጭቃ ነበረው፤ የፓምፑ መምጠጫ በጠጠርና በጨርቅ ሲከበብ ጠራ።

ከተሻገረ በኋላ

ቤንቶናይቱ ለዘለቄታ አይሆንም፤ ውሃውን ሲለቅ ይጠባል። በሲሚንቶና ቤንቶናይት ድብልቅ ተተካ፣ ከዝቅተኛው ጫፍ ተጀምሮ፣ ቀጣዩ ቀዳዳ ድብልቁን ሲተፋ ወደ እሱ እየተዛወረ። ግፊቱ ከግማሽ ባር አልዘለለም። በዋሻው ጣሪያ ላይ ያለው አፈር ክብደት 0.7 ባር ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መሬቱን ያነሳል ወይም በግንቡ ስንጥቅ ገብቶ ማፍሰሻው ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ ሜትር 19 ሲሞላ አንድ ሰው ማፍሰሻው ውስጥ ባትሪ ይዞ ተቀመጠ። ዘንጎቹ 1 ሚ.ሜ ተነሱ።

ክረምት ገባ። በሐምሌ ንባብ በአፈሩ ዳር ያለው ማነጻጸሪያ 14 ሚ.ሜ ተነሳ፣ አስፋልት ላይ ያለው 3። ከዋሻው በላይ ያለው ምስማርም 3 ተነሳ። ማነጻጸሪያዎቹ ባይኖሩ ኖሮ «ዋሻው መሬቱን አነሳው» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ያነሳው መረሬው የጠጣው ዝናብ ነው። የቧንቧው ዘንጎች ከ1 ሚ.ሜ በላይ አልተለወጡም።

ዘንጎቹ አይነቀሉም። በቫልቭ ሣጥን ክዳን ተሸፍነው፣ ቁጥራቸውና የመጨረሻ ንባባቸው በላሜራ ተቀርጾ ክዳኑ ሥር ገብቷል። ቀጣዩ ንባብ በጥር ነው፣ መረሬው ሲደርቅ፣ በዚያው ሰዓት።